ዘጠና ዙር ሽቦና ሁለት ሜትር ጭራ

እንኳን ደስ አላችሁ፤ ተሰማ። ትናንት እሑድ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከስምንት ደቂቃ ላይ፣ ጥርት ብሎ፣ ማንም ጆሮ ሥር ሳይጮህ፣ ማንም ሳይደግመው ተሰማ። ማን ተሰማ፣ ማንስ ሰማው የሚለውን ከሥሩ ካልጀመርኩ ግን ደስታው ግማሽ ይሆንባችኋል፤ ግማሽ ደስታ ደግሞ እንደ አንድ እግር ሱሪ ነው፣ ለብሰው አይወጡበትም።

የምሥራቹ የልብስ ሰፊው ነው። ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ሜትር ይለዋል። እውነተኛ ስሙ ያለው በሬዲዮ ፈቃዱ ወረቀት ላይና በሚስቱ አፍ ላይ ብቻ ነው፤ እሷም የምትጠራው ስትናደድ ነው። የልብስ መለኪያ ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ለጉርድ ፎቶ አውልቀው ተብሎ አወለቀና፣ ፎቶ አንሺው ገና መብራቱን ሳያስተካክል አንገቴን በረደኝ ብሎ መልሶ አጠለቀው። ፎቶው ላይም ሜትሩ አለ።

ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ አርባ ሦስቱን ያሳለፈው ከስፌት መኪና ፊት ነው። በሙያው የሚታወቀው በአንድ ነገር ነው፤ ትርፍ ሳይተው አይቆርጥም። ሱሪ ወገብ ውስጥ አራት ጣት፣ እጅጌ ጫፍ ላይ ሦስት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ ይሰፋል። ደንበኛው ከወፈረ ይፈታለታል፣ ልጁ ከረዘመ ያወርድለታል። ከሃያ ዓመት በፊት የሰፋውን ኮት ይዞ የመጣ ሰው ነበር፤ ከሰውየው በፊት ሆዱ ነው በበር የገባው። ጋሽ ሜትር ጎንና ጎኑን ፈታ አደረገለትና ሰውየው እያፏጨ ወረደ። ለምን ይህን ያህል ጨርቅ ታባክናለህ የሚሉትን፣ መቀስ ከነካው በኋላ እኔን እንዳትጠይቁኝ ይላቸዋል።

ቤቱም ሱቁም አንድ ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ልክ ከጣሪያው ሥር። የፊተኛዋ ክፍል ሱቅ ናት። ደንበኛ ስልሳ ስምንት ደረጃ ወጥቶ ሲደርስ ስለሚያለከልክ፣ ጋሽ ሜትር የደረት ልክ ከመውሰዱ በፊት አስቀምጦ ውሃ ይሰጠዋል፤ አለዚያ ሸሚዙ የሚሰፋው ለሳንባው ነው። በአንድ ግድግዳ ሥር ሁለት መኪናዎች አሉ፣ በመስኮቱ ሥር ሚስቱ ቁልፍ የምትተክልበትና ጫፍ የምታጥፍበት ወንበር አለ። በመሃል ረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ፤ በጠረጴዛው ጫፍ፣ ከመርፌ ቆርቆሮው ጎን፣ ሬዲዮው ተቀምጧል። ጥቁር ሣጥን ነው፤ አንድ ትልቅ መዘውር አለው። ከፊቱ በእንጨት ላይ የተተከለች ትንሽ የናስ መምቻ አለች፤ በጣት ሲጫኗት ድምፅ ትሰዳለች፣ ሲለቋት ዝም ትላለች። አጭር ሲጫኑ ነጥብ፣ ረዘም ሲያደርጉ ሰረዝ። ይኸው ነው። ፊደሉ ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ይሠራል።

ይህን ያስተማረው ታላቅ ወንድሙ ነው። ታላቅየው ዕድሜውን በሙሉ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበር፣ አሁን ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጋሽ ሜትር ወንድም ጋሼ ይለዋል። በልጅነታቸው አንድ አልጋ ላይ ይተኙ ስለነበር፣ አባታቸው ዝም በሉ ካላቸው በኋላ ታላቅየው በታናሹ ክንድ ላይ በጣቱ እየመታ ወሬውን ይቀጥል ነበር። ታናሹ መጀመሪያ የለየው ቃል "ተጠጋ" የሚለው ነው። ካደጉ በኋላ ሁለቱም ፈቃድ አውጥተው፣ አንዱ ከባሕሩ ዳር ካለችው ከተማ፣ ሌላው ከመቁረጫ ጠረጴዛው፣ በየቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት በአየር ላይ ይገናኙ ጀመር። የሚያወሩት ቁም ነገር አይደለም። ጉልበቴን አመመኝ፣ ያ ጎረቤትህ ቤቱን ሸጠ ወይ፣ ዛሬ ምን በላህ። ሠላሳ ዓመት ያህል እንደዚህ ሄደ።

ከስድስት ዓመት ወዲህ የወንድም ጋሼ ጆሮ ይከዳው ጀመር። መስማቱን ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይለትም። ሰው ሁሉ አፉን ትራስ ውስጥ ቀብሮ የሚያወራኝ ይመስለኛል ይላል። ጆሮው ላይ የሚደረግ መሣሪያ ገዙለት፤ አሁን ደግሞ ትራሱ ጮኸብኝ አለ። የሬዲዮዋ ነጠላ ድምፅ ግን አልጠፋችበትም። ወፈር አድርጎ ካስተካከላት አንዲት ነጥብ አታመልጠውም። በዓለም ላይ ካለው ድምፅ ሁሉ ለወንድም ጋሼ ሳይበላሽ የሚገባለት እሱ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ በዚያ ድምፅ የሚያናግረው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

በስልክ መልእክት አይጻጻፉም ወይ የሚል አይጠፋም። ሞክረዋል። ወንድም ጋሼ ሦስት ቀን ታገሠና ይህ ደብዳቤ ነው አለ፤ በመሃል መግባት አይቻልም፣ በመሃል ያልገቡበት ወሬ ምኑ ወሬ ነው። ከዚያ በኋላ ስልኩን የነካው ሰዓት ለማየት ብቻ ነው።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ከደስታ ነው። የወንድም ጋሼ ባለቤት ካረፈች በኋላ ልጁ ብቻውን አልተወውም አለችና ወደምትኖርበት ከተማ ወሰደችው። ሬዲዮውንም ጫነችለት፣ በግቢዋም ውስጥ ረጅም ሽቦ አስዘረጋችለት፤ ግቢዋ ሰፊ ነው። ድሮ በወንድማማቾቹ መካከል ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ነበር፤ አሁን መቶ አሥር ኪሎ ሜትርና አንድ ኮረብታ ብቻ ሆነ። ጋሽ ሜትር ቀረበልኝ ብሎ ለደንበኛ ሁሉ አወራ። በመጀመሪያው ቀን በአሥራ አንድ ሰዓት መምቻዋን ያዘ፣ ጠራ፤ መልስ የለም። በማግሥቱም የለም። በሳምንቱም የለም። ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ሲርቀው ከጎኑ እንደተቀመጠ ይሰማው የነበረ ወንድሙ፣ ሲቀርበው ጠፋበት።

ምክንያቱን የነገረው የጥርስ ሐኪሙ ነው። ሐኪሙ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ክሊኒክ አለው፤ እሱም የሬዲዮ ሰው ነው፣ በሽተኛው አፉን ከፍቶ መመለስ በማይችልበት ሰዓት ስለ አንቴና ማውራት ይወዳል። እሱ እንዳለው፣ ጋሽ ሜትር የሚጠቀምበት የአርባ ሜትር ሞገድ ወደ ሰማይ ይወጣና ከላይ ነጥሮ ሩቅ ቦታ ይወርዳል። ቅርብ ያለው ሰው በጃንጥላ ሥር እንደቆመ ማለት ነው፤ ዙሪያውን ይዘንባል፣ እሱ ላይ ጠብ አይልም። በዚህ ዓመት ደግሞ ጃንጥላው ሰፍቷል። ለቅርብ ሰው የሚሆነው የሰማንያ ሜትር ባንድ የሚሉት የሞገድ መደብ ነው፤ እሱ ሞገድ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ይመለሳል።

ችግሩ ሽቦው ነበር። የጋሽ ሜትር አንቴና አንድ ነጠላ ሽቦ ነው፣ ሃያ ሜትር። ከጣሪያው አንድ ጥግ ካለችው ትንሽ ሣጥን ተነሥቶ፣ በውሃ ታንከሮቹ ላይ አልፎ፣ በሌላኛው ጥግ ካለው ምሰሶ ጋር ታስሯል። አራት ባንድ ይይዛል፤ ሰማንያን ግን አይዝም፣ ለሰማንያ እጥፉ አርባ ሜትር ሽቦ ይፈልጋል። ጣሪያው ደግሞ ሃያ ሁለት ሜትር ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው አየር ነው፣ ከአየሩ በታች መንገድ።

ጋሽ ሜትር አንድ ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄዶ ወንድሙን አየው። አጠገቡ ተቀምጦ ጮኾ ቢያናግረው ወንድም ጋሼ ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። በመጨረሻ ክንዱን ይዞ እንደ ልጅነታቸው በጣቱ መታለት። ሁለት ሽማግሌዎች ሶፋ ላይ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሁለት ሰዓት ዝም ብለው ሲስቁ የልጅ ልጆቹ በር ላይ ቆመው አዩአቸው። ግን መንገዱ በኮረብታው ዙሪያ አምስት ሰዓት ይፈጃል፣ ጋሽ ሜትርም የሚያስረክበው ልብስ አለበት። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓትን የሚተካ ነገር አልሆነም።

ባለፈው ሰኞ የወንድሙ ልጅ መልእክት ላከች። ስልኩን ለሚስቱ አሳያት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ እንደገና አነሣው። "አጎቴ፣ አባባ ዛሬም ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ማዳመጫውን አድርጎ ተቀመጠ፣ ምንም አልመጣም። ሬዲዮውን ለትምህርት ቤቱ ስጪልኝ ብሎኛል፣ በሚቀጥለው ሰኞ ሊወስዱት ይመጣሉ። እስከ እሑድ ብቻ እጠብቃለሁ ብሏል። ከሰው ጋር መቀመጥም ትቷል።"

ሚስቱ መርፌዋን ከጨርቁ ላይ ሰካችና እሑድ ስንት ቀን ነው አለች። ስድስት ቀን ነበር።

ማክሰኞ ጋሽ ሜትር ክሊኒኩ ገባ። ሐኪሙ ጓንቱን ሳያወልቅ ሰማውና፣ ሽቦህን አታርዝመው፣ ጥቅልና ጭራ ጨምርበት አለው። በቀጠሮ ካርድ ጀርባ ሣለለት። አንድ ረጅም መስመር፣ መጨረሻው ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩ ጭረቶች፣ ከእነሱ ቀጥሎ አጭር ጭራ። ጥቅሉ ለአርባ ሜትር ሞገድ የተዘጋ በር ነው፤ ሞገዱ እዚያ ደርሶ ይቆማል፣ ሽቦው እንደ ድሮው ሃያ ሜትር ሆኖ ይቀርለታል። ለሰማንያ ግን በሩ ክፍት ነው፤ ጥቅሉ ውስጥ ይዞራል፣ ጭራው ላይ ይወጣል፣ አርባ ሜትር የሄደ ይመስለዋል። ያሉት አራት ባንዶች ሳይነኩ አምስተኛ ይጨመራል። "ዘጠና ዙር፣ አርባ ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ነገር ላይ። ጭራው ሁለት ሜትር ገደማ፣ ከዚያ በመለኪያ እያየህ ታስተካክላለህ።" የአንቴና መለኪያውንም አዋሰው። እሱ ራሱ ሐሙስ ማታ ወደ አማቾቹ እንደሚሄድ፣ ስልክም እንደማይደርስበት፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ እንደሚመለስ ነገረው። ወንበሩ ላይ አፉን ከፍቶ የነበረው ሰው በአውራ ጣቱ መልካም ዕድል ተመኘለት።

አሁን ስሙኝ፤ ይህን ስህተት ልብስ ሰፊ ካልሆነ ማንም አይሠራውም።

ጋሽ ሜትር ቤት ባዶ የእንጨት ክር ማጠንጠኛ ሞልቷል። አንዱን በሜትሩ ለካው፤ ውፍረቱ ልክ አርባ ሚሊ ሜትር። ዕድል ማለት ይህ ነው ብሎ፣ ሐሙስ ጠዋት የናሱን ሽቦ በመኪናው ላይ ባለችው የክር መጠቅለያ አዙሮ ዘጠና ዙር ጠቀለለ። አርባ ሦስት ዓመት ክር የጠቀለለ እጅ ነው። ሽቦው ከጫፍ ጫፍ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እላዩ ላይ ይደረባል፣ እንደገና ይሄዳል። አንድ ዙር አልተዛነፈም። ያማረ ነገር ነበር፤ ሚስቱ ሳትቀር ለመብራት ማንጠልጠያ ይሆናል አለች።

ዓርብ ጠዋት ጣሪያ ላይ ወጡ። ወጡ የምለው የሕንፃው ጠባቂ ስላለ ነው፤ የጣሪያው ቁልፍ እሱ ዘንድ ነው፣ ቁልፉን ደግሞ ለሰው ሰጥቶ አያውቅም፣ ራሱ ከፍቶ ራሱ ቆሞ ያያል። ሽቦውን ካየ ጀምሮ ቀልዱን አላቋረጠም።

"ጋሼ፣ ጨርቅ አልቆ ሰማዩን ሊሰፉት ነው?"

ጋሽ ሜትር ቀዳዳው አንተ ከቆምክበት በላይ ነው፣ ትንሽ ፈቀቅ በል አለው። ጥቅሉን ከምሰሶው ጋር አሠሩት፣ ጭራውን በመወልወያ እንጨት ላይ አድርገው ወደ ውጭ አወጡት። ጋሽ ሜትር ወርዶ መለኪያውን ሰካ። ሰማንያ ባንድ የለም። እሱ የፈለገው ሦስት ነጥብ አምስት አምስት ሜጋ ኸርዝ ላይ ነበር፤ የመለኪያው መርፌ የወደቀው ከሁለት ነጥብ ዘጠኝ በታች ነው፣ ማንም የሬዲዮ አማተር በሌለበት ቦታ። ይህስ ይሁን፤ አርባን ሲያየው እሱም ተበላሽቷል። የነበረው በር ተወላገደ፣ አዲሱ በር አልተከፈተም። ለአሥራ አምስት ዓመት አንድም ቀን ያላስቀየመው ሽቦ አላውቅህም አለው።

ያን ቀን ማያያዣውን ፈትቶ አሰረ። ጭራውን አነሣ፣ አወረደ። የታንከሩን ብረት ጠረጠረ፣ ቀጥሎ ወፎቹን ጠረጠረ። ሐኪሙ ዘንድ ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ጠባቂው ሦስት ጊዜ ከፍቶ ሦስት ጊዜ ዘጋ፣ በሦስተኛው ቀልዱን ተወ።

ቅዳሜ ጋሽ ሜትር ጣሪያ አልወጣም። መኪናው ፊት ተቀምጦ ለአንድ የባንክ ሠራተኛ ሱሪ ይሰፋ ጀመር። ሚስቱ ለጥቂት ጊዜ አየችውና ተነሥታ ሱሪውን ከእጁ ወሰደችው።

"የሰውን ኪስ ሰፍተህ ዘጋኸው" አለችው። "ሰውየው እጁን የት ያግባ?"

እሷ ኪሱን መተርተር ጀመረች፤ እየተረተረችም ከመርፌ ቆርቆሮው ሥር የነበረውን የቀጠሮ ካርድ አየችው። በሕይወቷ ሬዲዮውን ነክታ አታውቅም፤ ስዕል ግን ታነባለች፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ከደንበኛ ስዕል ልብስ ስታወጣ ኖራለች። ካርዱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየች፣ ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ የተጣለውን ማጠንጠኛ አየች።

"ሐኪሙ የሣለው አንድ ረድፍ ነው" አለች። "ያንተ አራት ረድፍ ነው። የክር ቦቢን ነው የሞላኸው።"

ዘጠና ዙር በየትም ቢዞር ዘጠና ዙር ነው አላት። ዘጠና ቁልፍ በአንድ መስመር የተተከለና ዘጠና ቁልፍ አንድ ኪስ ውስጥ የታጨቀ አንድ ነው ወይ አለችው። እሱ ኤሌክትሪክ ቁልፍ አይደለም አለ። እሷ እሺ አለች፤ እሺ ያለችበት አባባል ግን ሌላ ነበር። ጋሽ ሜትር ሃያ ደቂቃ ያህል ቁጭ ብሎ ካርዱን ተመለከተ። ጎን ለጎን የተኙ ጭረቶች። አንዱም በሌላው ላይ አልተደረበም። ሐኪሙ "ነገር" ያለው ቱቦ ሊል ፈልጎ ነው፤ ለሬዲዮ ሰው በአንድ ረድፍ መጠቅለል እንደ መተንፈስ ስለሆነ አልተናገረውም፣ ለልብስ ሰፊ ደግሞ ደርቦ መጠቅለል እንደ መተንፈስ ስለሆነ አልጠየቀም። ሽቦው ተደራርቦ ሲተኛ አንዱ ዙር የሌላውን ጉልበት ይጨምራል፤ ጥቅሉ ከሚፈለገው ከእጥፍ በላይ በርትቶ ነበር።

ተነሥቶ ሽቦውን ፈታው። ረድፍ የሚበቃው ረጅም ነገር ፈልጎ ቤቱን ዞረ፤ ያገኘው የገበር ጨርቅ ተጠቅልሎ የሚመጣበትን የካርቶን ቱቦ ነው። ለካው፣ አርባ ሚሊ ሜትር። አንድ ስንዝር ከግማሽ ቆረጠ፤ ካርቶን እርጥበት እንዳይጠጣ ክር የሚያለሰልስበትን ሰም ቀባው፣ በካውያ አሞቀው፣ ጠጣለት። ከዚያ ሽቦውን አንዱን ዙር ከሌላው ጎን እያስተኛ መጠቅለል ጀመረ። እጁ በየሃያ ዙሩ ሊመለስ ይፈልጋል፤ ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ በየአሥሩ ዙር አንድ ስፒል እየሰካች ትቆጥራለች፣ እጁ ሊመለስ ሲል በጣቷ ትመታዋለች። ዘጠነኛውን ስፒል ስትሰካ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። ለወንድሙ ልጅም መልእክት ጻፈላት፤ ነገ በአሥራ አንድ ሰዓት ሬዲዮውን ሦስት ነጥብ አምስት አምስት ላይ አድርጊለት፣ አባትሽ ያውቀዋል።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጠባቂው ሳይጠራ መጣ። ሱሪውን ለውጦ ነበር። ጥቅሉን ሰቀሉት፣ ጭራውን ሁለት ሜትር ከአርባ አድርገው በመወልወያው እንጨት ወደ ውጭ ዘረጉት። ጋሽ ሜትር ወረደ፣ ለካ፣ ወጣ። አርባ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ በሩ ተዘግቷል፣ እንደ ድሮው። ሰማንያም አለ። ግን ሦስት ነጥብ አራት አንድ ላይ ነው፤ ጭራው ረዝሟል።

"ልቁረጠው?" አለ ጠባቂው፣ ፒንሳውን ከኪሱ እያወጣ።

"እንዳትነካው" አለው ጋሽ ሜትር።

የጭራውን ጫፍ አሥር ሣንቲ ሜትር ለካ፣ ወደ ኋላ አጠፈው፣ በራሱ ሽቦ ላይ እንደ ሱሪ ጫፍ ጥብቅ አድርጎ ጠመጠመው። የታጠፈ ሽቦ ለሞገዱ እንደሌለ ይቆጠራል ማለት ይቻላል። ወረደ፣ ለካ፤ ትንሽ ወደ ላይ ወጥቷል። ተመለሰ፣ ሌላ አሥር አጠፈ። ጠባቂው መወልወያውን እንደያዘ፣ ሌላው ቆርጦ በአንድ ጊዜ ለሚጨርሰው ነገር ሰው ይህን ያህል ጊዜ ደረጃ ይመላለሳል እንዴ ብሎ አጉረመረመ። ጋሽ ሜትር ሲያልፍ ሰማውና፣ ቆርጬ ባሳጥረው አንተ ነህ የምትቀጥልልኝ አለው። በስድስተኛው እጥፋት መርፌው ሦስት ነጥብ አምስት አምስት ላይ ተኛ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሰባት ደቂቃ ቀርቶታል። ጠባቂው ቁልፉን በሩ ላይ ትቶ አብሮ ወረደ፤ ቁልፉን በር ላይ ሲተው የመጀመሪያው ነው።

ጋሽ ሜትር ወንበሩን ሳበ፣ ማዳመጫውን ሳያደርግ ድምፅ ማጉያውን ከፈተ። ሚስቱ መርፌ ያዘች፣ ክር ግን አላስገባችም። በአሥራ አንድ ሰዓት መምቻዋን ተጫነ። የራሱን መጠሪያ ምልክት ሰጠ፣ የወንድሙን ጠራ፣ ለቀቀ። ከድምፅ ማጉያው የሚመጣው እንደሚጠበስ ዘይት የሚንጣጣ ነገር ብቻ ነው። ጠበቀ። በሁለት ደቂቃ እንደገና ጠራ። ዘይቱ ይንጣጣል። በአራት ደቂቃ ጠራ። ጠባቂው በሩ ላይ ተደግፎ ጣሪያውን ያያል፣ አንቴናው በኮንክሪቱ ውስጥ የሚታየው ይመስል። በስድስተኛው ደቂቃ ጋሽ ሜትር አልጠራም፣ እጁን ከመምቻዋ አንሥቶ ሜትሩን ከአንገቱ አወለቀ። ሚስቱ ይህን አይታ መርፌዋን አስቀመጠች።

በስምንተኛው ደቂቃ ከዘይቱ ውስጥ አንዲት ድምፅ ወጣች።

ወፈር ያለች ናት፣ ቀስ ትላለች። እያንዳንዱ ሰው እጅ ጽሕፈት እንዳለው ሁሉ የመምቻ እጅም አለው፤ ወንድም ጋሼ የመጨረሻዋን ሰረዝ ከሁሉም አስረዝሞ ይጎትታታል፣ ረጅም ቀሚስ ደረጃ ላይ እንደሚጎተት። ሰረዟ ተጎተተች። ጋሽ ሜትር ወረቀት አላነሣም፤ ለእነዚያ ለሁለቱ እየሰማ በአፉ ይነግራቸው ጀመር።

"አንተ ልጅ፣ ይላል።" ትንሽ ቆየና፣ "የት ጠፍተህ ነው፣ ይላል።"

ጣሪያ ላይ ነበርኩ ብሎ መለሰ። ለምን እንደሆነ ሊያስረዳ ጥቅሉን መናገር ሲጀምር ወንድም ጋሼ በመሃል ገባበት። መጀመሪያ ለምን አልመለስክልኝም ቢለው፣ የልጅ ልጁ መዘውሩን አንቀሳቅሶት ነበር፣ ስምንት ደቂቃ ሙሉ ባዶ ቦታ ሳዳምጥ ነበር አለ። ጋሽ ሜትር ሊመልስ ሲል አሁንም በመሃል ገባበት። የአምስት ሳምንት ወሬ ነበረው፣ ተራ ሊጠብቅ አልቻለም። ሁለቱ እየተጋጩ፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እየጀመረ፣ ክፍሉ በድምፅ ሞላ። ጋሽ ሜትርም መተርጎሙን ረሳው፤ ፊቱ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

"ምን አለ?" አለች ሚስቱ።

እጁን ከመምቻዋ ሳያነሣ አሰበ። "የልጁ ቤት ሾርባ ጨው የለውም አለ። የመምቻውን ፊደል ስለማታውቅ አሁን እፊቷ እያማኋት ነው አለ።"

ሚስቱ ሳቀች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ ለረጅም ጊዜ ወደዚህ አላዞረችውም። ጠባቂው የሰኞዎቹስ፣ ሬዲዮውን ሊወስዱ የሚመጡት፣ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ሜትር ጠየቀለት። መልሱ ሲመጣ የመጨረሻዋ ሰረዝ ከምንጊዜውም በላይ ተጎተተች።

"ሻይ አጠጥቼ እመልሳቸዋለሁ፣ ይላል።"

እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ አወሩ። ሜትሩ አንገቱ ላይ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ጭራው አሁንም ጣሪያው ጫፍ ላይ፣ በመወልወያ እንጨት ላይ ተዘርግቶ ይታያል፤ ስልሳ ሣንቲ ሜትሩ ታጥፎ። ጠባቂው እያንዳንዱን ተከራይ ጣሪያ አውጥቶ እያሳየ ነው፣ ክፈትልኝ ብሎ የጠየቀው ሰው ሳይኖር። ጋሽ ሜትር ዛሬ ጠዋት የባንክ ሠራተኛውን ሱሪ አስረከበ፤ ሁለቱም ኪሶች ይከፈታሉ። ከከተማ ወጥቶ የነበረው የጥርስ ሐኪም ግን እስካሁን ምንም አልሰማም፤ ዘጠና ዙሩ በምን ላይ እንደተጠቀለለም አያውቅም። ይኸው አሁን ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ካለው ከመስኮቴ አየሁት፣ የክሊኒኩን መዝጊያ ወደ ላይ እየገፋ ነው። ያዋሰው የአንቴና መለኪያ እኔ ዘንድ ነው፣ ጎረቤት ነኝ፣ እኔ እመልሰዋለሁ ብዬ ከጋሽ ሜትር ተቀብያለሁ፤ የመጀመሪያው በሽተኛ አፉን ሳይከፍት ልድረስበት።